ደም ብዛት ያለበት ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ

«እኔ ጾም አላውቅም ወይ፣ ልጄ? ምንም አይቅመሱ ተባልኩ፤ ምንም አልቀመስኩም።»

ይህን የተናገሩት አክስቴ ናቸው። በሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ጠጠር ተገኝቶባቸው፣ በቀዶ ጥገና እንዲወጣላቸው ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። ከአገር ቤት መጥተው ጥቂት ቀን እኔ ዘንድ ከሰነበቱ በኋላ፣ በቀጠሮው ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ ሐኪም ቤት ደረስን። የተሰጣቸውን ልብስ ለብሰው፣ የአንገታቸውን መስቀል አውልቀው በእጄ ካስያዙኝ በኋላ የሰመመን ባለሙያው መጣና በክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያውን ጠመጠመ። ቁጥሩን አይቶ ዝም አለ። ጥቂት አሳርፎ ደግሞ ለካ። ሁለተኛውም ያው ሆነ፤ 200 በ118።

«እማማ፣ የደም ግፊት መድኃኒትዎን ዛሬ ጠዋት ወስደዋል?» ሲል ጠየቃቸው። አክስቴ ከላይ የጻፍኩትን መልስ የሰጡት በዚህ ጊዜ ነው። ለእሳቸው «ምንም» ማለት ምንም ነው። እስከ ቅዳሴ መውጫ ድረስ ጠብታ ውሃ በአፋቸው የማይዞር ሰው፣ ኪኒን ከ«ምንም» ውጭ ነው ብለው እንዴት ይገምታሉ? ባለሙያው ግን በመልሱ አልረካም። ረጋ ብሎ ሲጠይቃቸው ነገሩ ወጣ። መድኃኒቱን የተዉት የዚያን ዕለት ጠዋት ብቻ ሳይሆን ከ9 ቀን በፊት ጀምሮ ኖሯል። «የደም ብዛት ኪኒንና ማደንዘዣ አይስማሙም» ብላ አንዲት ጎረቤት መክራቸው ነበር። ለእኔ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ቀዶ ጥገናው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። አክስቴ «ሰው እንዴት በቁጥር ይባረራል?» እያሉ አለቀሱ። እኔም ከሥራ ያስፈቀድኩትን ቀንና የከፈልኩትን የታክሲ ሒሳብ እያሰብኩ፣ መንገዱን ሙሉ ያን ባለሙያ በልቤ ሳማው ሄድኩ። በኋላ ነገሩን ሳጠና ግን ያማሁት ሰው ትክክል ሆኖ አገኘሁት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ከምትሆኑት ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች ወይም በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ከጀመራችሁ ገና ጥቂት ጊዜ የሆናችሁ ወጣቶች ናችሁ። ደም ብዛት የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አባትና እናታችን፣ አክስትና አጎታችን ለሕክምና ወደ ከተማ ሲመጡ ካርድ የምናወጣው፣ ወረፋ የምንይዘው፣ የሐኪሙን ትእዛዝ ሰምተን የምናስረዳቸው እኛ ነን። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን፣ ደም ብዛት ያለበት ሰው ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ በሚተኛበት ሰዓት በደሙ ግፊት ላይ ምን እንደሚደርስ፣ ያንንም ግፊት አስተካክሎ ለመያዝ ምን እንደሚደረግ እንመልከት።

ስሙ ያሳሳተው በሽታ

«ደም ብዛት» የሚለው ስም ራሱ ሰውን ያሳስታል። በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ ደሙ አልበዛም። የበዛው፣ ደሙ የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነው። እንዲያውም የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ በሽተኞች በሥሮቻቸው ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ከሌላው ሰው ያነሰ ይሆናል። ይህ ነገር በማደንዘዣ ጊዜ ትልቅ ትርጉም ስላለው ልብ ይሏል።

ግፊት ሲለካ ሁለት ቁጥር ይነገራል። የላይኛው ልብ ተኮማትራ ደሙን ስትገፋ፣ የታችኛው ደግሞ ልብ ስታርፍ የሚገኘው ነው። ሁለቱም የሚቆጠሩት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሐኪሞች ከሁለቱ ሦስተኛ ቁጥር ያወጣሉ፤ ስሙም አማካይ ግፊት ይባላል። አወጣጡ ቀላል ነው። የታችኛው ከላይኛው ላይ ይቀነሳል፤ የልዩነቱ ሲሶ በታችኛው ላይ ይደመራል። 120 በ80 የሆነ ወጣት አማካይ ግፊቱ ወደ 93 ነው። 150 በ90 የሆነ ሰው 110 ነው። አክስቴ በዚያች ጠዋት 145 ነበሩ።

ግፊቱ ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ሲኖር ሰውነት ይላመደዋል። የትናንሾቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ይደነድናል፤ በመካከል ያለው ቀዳዳ ይጠብባል። የልብም ጡንቻ ከሸክሙ የተነሣ ይወፍራል። በፊዚክስ እንደምንማረው፣ በአንድ ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ ሳይለወጥ የቀዳዳው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፣ የሚያልፈው ፈሳሽ ከ16 እጅ ወደ አንድ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ ግድግዳው በደነደነ ሥር ውስጥ ጥቂት መጥበብ ወይም ጥቂት መላላት ግፊቱን በብዙ ያናውጠዋል። ደም ብዛት ያለበት ሰው ግፊት በማደንዘዣ ጊዜ ካንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚዘልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የውሃ አባቱ ሲተኛ

በመስኖ በሚታረስበት አገራችን ውሃውን የሚያከፋፍል ሰው ይሾማል፤ የውሃ አባት ይባላል። ወንዙ ሲሞላ የየማሳውን ቦይ አፍ ያጠብባል፤ ሲጎድል ያሰፋዋል። በዚህም ወንዙ ቢሞላም ቢጎድልም ለየማሳው የሚደርሰው ውሃ እምብዛም አይለዋወጥም።

አንጎልና ኩላሊትም እንዲህ ያለ የውሃ አባት አላቸው። በጤነኛ ሰው አማካይ ግፊቱ ከ60 ገደማ እስከ 150 ገደማ ድረስ ቢለዋወጥ እንኳ፣ የአንጎል የደም ሥሮች እየጠበቡና እየሰፉ ለአንጎል የሚደርሰውን ደም ያስተካክላሉ። ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ በኖረ ሰው ግን ይህ ወሰን ወደ ላይ ይሸሻል። ከፍ ያለውን ግፊት ይችላል፤ ዝቅ ያለውን ግን አይችልም። ለወጣቱ የሚበቃው ግፊት ለእሱ ድርቅ ሊሆን ይችላል።

ልብም የራሷ ጣጣ አለባት። የግራው የልብ ጡንቻ ደሙን በብዛት የሚያገኘው ልብ በምታርፍበት ቅጽበት ነው። እንግዲህ የታችኛው ግፊት በጣም ከወረደና የልብ ምት ከፈጠነ፣ የማረፊያው ጊዜ ስለሚያጥር የወፈረው ጡንቻ ይራባል።

አሁን ማደንዘዣው ሲሰጥ የሚሆነውን እንመልከት። ሥሮቻችን ላልተው እንዳይቀሩ ሌት ተቀን ጠበቅ አድርጎ የሚይዛቸው የነርቭ ክፍል አለ። ማደንዘዣው ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ነርቭ ያስተኛዋል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ፕሮፖፎል የተባለው መድኃኒት ሥሮቹን ያላላል፤ ግፊቱም ይወርዳል። ደም ብዛት ያለበት ሰው ሥሮቹ በዚሁ ነርቭ ኀይል ተወጥረው ስለሚኖሩና ፈሳሹም ያነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ውድቀቱ ከሌላው ሰው ይብስበታል።

ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሽተኛው ራሱን ችሎ ስለማይተነፍስ በጉሮሮው በኩል የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። ቱቦውን ለማስገባት ምላሱና ማንቁርቱ ብርሃን ባለው ብረት ቀና ይደረጋል። ሰውየው ቢተኛም ሰውነቱ ይህን እንደ ጥቃት ይቈጥረዋል፤ ነርቩም በድንገት ይነቃል። በጤነኛ ሰው ግፊቱ 20 ወይም 30 ያህል ቢጨምር፣ ደም ብዛቱ ሳይታከም በቆየ ሰው ላይ እስከ 90 ሊጨምር ይችላል። ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ ቁልቁል፣ ወዲያው ደግሞ ሽቅብ ማለት ነው። ቁልቁለቱ አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ያስርባል። ሽቅቡ የአንጎልን ሥር ሊያፈርጥ፣ ልብን ከአቅሟ በላይ ሊያሠራ፣ ከተቆረጠው ሥጋም ደም በብዛት ሊያፈስ ይችላል።

ነጥብ በነጥብ የተጻፈ ታሪክ

በ1846 ዓ.ም. ኦክቶበር 16 ቀን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም፣ በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሐኪም ቤት ለአንድ በሽተኛ ኤተር አሽትቶ አስተኛው። ቀዶ ጥገና ከሥቃይ ሊለይ እንደሚችል ዓለም ያየው በዚያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ግን ማደንዘዣ ሰጪው የነበረው መሣሪያ የራሱ ጣትና ዓይን ነበር። በጣቱ የልብ ምት ይዳስሳል፤ በዓይኑ የከንፈር ቀለም ይመለከታል።

በ1893 ዓ.ም. ሃርቪ ኩሺንግ የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ ለአንድ በሽተኛ ኤተር እንዲሰጥ ታዘዘ። በሽተኛው ሞተ። ኩሺንግ ሕክምናን ትቶ ሊሄድ አስቦ ነበር ይባላል። ግን አልተወም። በ1894 ዓ.ም. ከጓደኛው ከኧርነስት ኮድማን ጋር ሆኖ፣ በማደንዘዣ ጊዜ የበሽተኛውን የልብ ምትና አተነፋፈስ ሳያቋርጥ በወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመረ። ዛሬ በየቀዶ ጥገናው ክፍል የሚሞላው ወረቀት አባቱ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ በወረቀቱ ላይ ግፊት አልነበረበትም፤ መለኪያው ገና አልተስፋፋምና። በ1896 ዓ.ም. ስኪፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን መለኪያ ሠራ። ኩሺንግ በ1901 ዓ.ም. ፓቪያ ወደምትባለው የጣሊያን ከተማ ሄዶ መሣሪያውን በበሽተኞች አልጋ አጠገብ ሲሠራበት አየ፤ ወደ አሜሪካም ይዞት ተመለሰ። በዚያ ጊዜ የሠለጠነ ጣት ከዚህ ዕቃ ይበልጣል ያሉ ሐኪሞች አልጠፉም። ሆኖም በ1905 ዓ.ም. ኒኮላይ ኮሮትኮፍ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም በማዳመጫ የላይኛውንም የታችኛውንም ግፊት መስማት እንደሚቻል ስላሳየ፣ ነገሩ ለሁሉም ሰው ቀለለ። በአክስቴ ክንድ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ የዚያው መሣሪያ ልጅ ነው።

ይቁም ወይስ ይወሰድ?

አሁን ወደ ጎረቤቲቱ ምክር እንመለስ። በደፈናው ተረት ነው ብንል እንሳሳታለን፤ ሐኪሞችም አንድ ጊዜ እንዲሁ ይሉ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ሬዘርፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት በብዙ ሰው ዘንድ ሲሠራበት፣ መድኃኒቱን የሚወስዱ አንዳንድ በሽተኞች በማደንዘዣ ጊዜ ግፊታቸው ክፉኛ ወደቀ። ስለዚህ ከቀዶ ጥገና 2 ሳምንት አስቀድሞ መድኃኒቱ ይቁም የሚል ምክር ተሰጠ።

በ1971 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ሴድሪክ ፕሪስ ሮበርትስና ባልደረቦቹ ነገሩን በጥንቃቄ መረመሩት። የመረመሯቸው በሽተኞች በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነበር። ማደንዘዣው ሲሰጥ ግፊቱ ይበልጥ የወደቀው፣ የልብም ጡንቻ ደም እንዳነሰው ምልክት ያሳየው፣ መድኃኒት በሚወስዱት ላይ ሳይሆን ደም ብዛታቸው ባልታከመው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምክሩ ተገለበጠ። መድኃኒቱ እንዲቀጥል፣ ጠዋትም በአንድ ጉንጭ ውሃ እንዲዋጥ ይመከራል።

በተለይ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት የልብን ምት የሚያረጋጉ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ክሎኒዲን የተባለው፣ በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱ ከቀድሞው ይልቅ አሻቅቦ ሊመለስ ይችላል። ይህ ማለት ግን መድኃኒት ወስዶ የማያውቀውን ሰው በቀዶ ጥገናው ዋዜማ በችኮላ ማስጀመር ይጠቅማል ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ከ8 ሺህ በላይ በሽተኞች የገቡበት አንድ ትልቅ ጥናት ታተመ። በቀዶ ጥገናው ዕለት ሜቶፕሮሎል አዲስ የተጀመረላቸው ሰዎች የልባቸው ጡንቻ ደም አጥቶ መጎዳቱ አነሰ፤ የሞቱትና አንጎላቸው ውስጥ ደም የተቋረጠባቸው ግን በረከቱ። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት፣ የለመዱትን አለመተው፣ ያልለመዱትንም በጥድፊያ አለመጀመር ነው።

አንድ ዓይነት መድኃኒት ብቻ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ይኸውም እንደ ኢናላፕሪል ስሙ በ«ፕሪል»፣ ወይም እንደ ሎሳርታን በ«ሳርታን» የሚያልቀው ነው። በ2024 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የተደረገ ጥናት ውጤቱን አወጣ። 2,222 በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ መድኃኒቱን እስከ ቀዶ ጥገናው ዕለት ቀጠሉ፤ እኩሌቶቹ ከ48 ሰዓት በፊት አቆሙ። የሞቱትና ብርቱ ጉዳት ያገኛቸው በሁለቱም ወገን ከመቶ 22 ያህል ሆኑ። በቀዶ ጥገናው ላይ ግፊታቸው የወደቀባቸው ግን ከቀጠሉት ከመቶ 54፣ ካቆሙት ከመቶ 41 ነበሩ። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መተው ወይም መውሰዱን በራሱ አይወስን፤ ማደንዘዣ የሚሰጠውን ሰው ይጠይቅ።

ባለሙያው ምን ያደርጋል?

የሰመመን ባለሙያ መርፌ ወግቶ፣ ሰው አስተኝቶ የሚሄድ የሚመስለን ብዙ ነን። ሥራው ግን የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው።

አስቀድሞ የበሽተኛውን የዘወትር ግፊት ለማወቅ ይጥራል። በቀዶ ጥገናው ጠዋት የሚገኘው ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ፍርሃት ራሱ ግፊት ይጨምራልና። የእንግሊዝና የአየርላንድ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ከእንግሊዝ የደም ግፊት ማኅበር ጋር በ2016 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ፣ ባለፉት 12 ወራት በመደበኛ ክትትል የተለካው ግፊት ከ160 በ100 በታች ከሆነ ቀዶ ጥገናው ይቀጥል ይላል። እንዲህ ያለ መዝገብ ለሌለው ሰው ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በፊት በሚደረገው ምርመራ ከ180 በ110 በታች ከሆነ ይበቃል። አክስቴ ከዚህ በላይ ነበሩ፤ በሽታቸውም ለጥቂት ሳምንት ሊታገሥ የሚችል ነበር። ሕይወትን የሚያሰጋና የማይቆይ ቀዶ ጥገና ቢሆን ግን ስለ ግፊት ተብሎ አይዘገይም፤ ባለሙያው ከአደጋው ጋር እየታገለ ያስተኛል።

«ታዲያ እዚያው በመርፌ ወይም ከምላስ በታች በሚደረግ ኪኒን ወዲያው አያወርዱትም ኖሯል?» ብዬ ጠይቄያለሁ። የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር። በዓመታት የወጣን ግፊት በደቂቃ ማውረድ፣ ከፍተኛውን ግፊት ለለመደው አንጎልና ልብ ራሱ አደጋ ነው። ኒፈዲፒንን ከምላስ ሥር አድርጎ ግፊትን በድንገት ማውረድ የተነቀፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስተኛቱ ሲጀመር መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ ጥቂት በጥቂት እየተሰጠ ይታያል። ፈሳሹ የጎደለ ከሆነ በጨው ውሃ ይተካል። ቱቦው ከመግባቱ በፊት ፈንታኒልን የመሰለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል፤ ሰውነቱ ጥቃቱን እንዳይሰማ ነው። ቱቦውን የማስገባቱም ሥራ በጥቂት ሴኮንድ ማለቅ አለበት። ግፊቱ ከወረደ ሥሮቹን የሚያጠብቁ እንደ ኤፌድሪንና ፌኒሌፍሪን ያሉ መድኃኒቶች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ከወጣ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «እንቅልፉ ጥልቅ ነውን? ሕመሙስ ታግዷልን?» የሚለው ነው። ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ በብዙ አገር ይሠራበታል፤ በራሱ ጠባይ ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ግን ደም ብዛት ላለበት ሰው ሲሰጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ግፊቱ ቢያንስ በየ5 ደቂቃው ይለካል። በከባድ ቀዶ ጥገና ደግሞ በእጅ አንጓ ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገብቶ በእያንዳንዱ የልብ ምት ይታያል። በሽተኛው ሲነቃም ሥራው አያልቅም። ሕመም፣ ብርድና መንቀጥቀጥ፣ የሞላ ፊኛም ጭምር ግፊቱን ያስነሣሉ። ስለዚህ የነቃው ሰው ግፊቱ ቢጨምር ወደ መድኃኒት ከመሮጥ በፊት፣ አሞታል? በርዶታል? ሽንቱ መጥቷል? ተብሎ ይጠየቃል።

ስንት ቢወርድ ነው የሚያሰጋው?

ብዙ ባለሙያዎች የሚይዙት ደንብ ሁለት ነው። አንደኛው አማካይ ግፊቱ ከ65 በታች እንዳይወርድ፣ ሁለተኛው ከዘወትሩ ከመቶ 20 በላይ እንዳይርቅ ነው። በሒሳብ እንየው። የወጣቱ አማካይ ግፊት 93 ከሆነ፣ ከመቶ 20 ሲቀነስ ወደ 75 ይደርሳል። ይህ ለእሱ ይበቃዋል። አማካይ ግፊታቸው 110 ለሆነ ሰው ግን ወሰኑ 88 ነው። ያው 75 ለእሳቸው ሲሶ ያህል ወርደዋል ማለት ነው። አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው አንድ ነገር አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ከ33 ሺህ በላይ ቀዶ ጥገናዎች ተመርምረው፣ አማካይ ግፊታቸው ከ55 በታች የወረደ በሽተኞች፣ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም እንኳ፣ የኩላሊትና የልብ ጉዳት በብዛት እንደታየባቸው ተገለጠ። በ2017 ዓ.ም. በፈረንሳይ ለከባድ ቀዶ ጥገና የቀረቡ 292 በሽተኞች ተጠኑ። የላይኛው ግፊታቸው ከዘወትሩ ከመቶ 10 ሳይርቅ በተያዙት ዘንድ የአካል ክፍል ጉዳት የደረሰባቸው ከመቶ 38 ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ በተያዙት ዘንድ ከመቶ 52 ሆኑ። በ2022 ዓ.ም. ግን ከ7 ሺህ በላይ በሽተኞች በገቡበት ሰፊ ጥናት፣ አማካይ ግፊትን ቢያንስ 80 ላይ ለመያዝ መጣርና 60 ላይ መጠበቅ በውጤት አልተለያዩም። እንግዲህ ክርክሩ አልተዘጋም። ሁሉም የሚስማሙበት ግን፣ ግፊቱ ብዙ ጊዜ በጥልቅ ወድቆ መቆየት እንደሌለበት፣ ያም እንዳይሆን በሽተኛው ከመተኛቱ በፊት የዘወትር ግፊቱ መታወቅ እንዳለበት ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። አክስቴ በሽታቸውን አልደበቁም፤ የደበቁት መድኃኒት መተዋቸውን ነው፤ እሱም እንደሚያስፈልግ ስላልመሰላቸው ነው። እኔም አብሬ ሄጄ ሳለሁ አላየሁም። «ምንም አይቅመሱ» ያላቸው ሰው ደግሞ ስለ ኪኒኑ ሁለት ቃል ቢጨምር ኖሮ ነገሩ እዚያው በተቃና ነበር። ስለዚህ ዘመዱን ይዞ ለቀዶ ጥገና የሚሄድ ሁሉ እነዚህን ነገሮች አይርሳ።

የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ ይሂድ። «ነጩ ክብ ኪኒን» ማለት ለማንም አይጠቅምም።

ባለፉት ወራት በጤና ጣቢያ የተለካውን ግፊት ጽፎ ይያዝ። የዘወትሩን ቁጥር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

መድኃኒት የተዘለለበት ቀን ካለ ሳያፍር ይናገር፤ ቍጣን ከመፍራት ቀጠሮ ቢተላለፍ ይሻላል።

«ምንም አይቅመሱ» ሲባል «ኪኒኑስ? የትኛው ይወሰድ? የትኛው ይቅር?» ብሎ በስም በስሙ ይጠይቅ፤ መልሱንም ይጻፍ።

ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ መድኃኒቱ መቼ እንደሚቀጥል ጠይቆ ይውጣ።

አክስቴ ከ6 ሳምንት በኋላ ተመለሱ። በእነዚያ ሳምንታት ኪኒናቸውን አምሎዲፒንን በየቀኑ ቡና ከመፈላቱ በፊት ሲውጡ ቆጥሬያለሁ፤ ሰባት ጊዜም በጤና ጣቢያ ተለክተዋል። በቀጠሮው ጠዋት እንደታዘዙት በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጡት፤ ግን ውጠው ሲያበቁ «ይቅር በለኝ» ብለው አማተቡ። ግፊታቸው 152 በ90 ነበር። ያው ባለሙያ ነበር ያስተኛቸው።

በማግሥቱ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ወረቀቱን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ለተማሪዎቼ የማሠራውን የግራፍ ወረቀት ይመስላል። ነጥቦቹ መጀመሪያ ጥቂት ወርደው፣ ቱቦው ሲገባ ጥቂት ወጥተው፣ ከዚያ በኋላ እንደ ሜዳ ተዘርግተዋል። ሁለት ቦታ ላይ ዝቅ ማለት ሲጀምሩ አጠገባቸው በትንሽ ጽሕፈት የመድኃኒት ስምና ሰዓት ተጽፏል፤ ከዚያም ነጥቦቹ ቀና ይላሉ።

አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተመለከቱ። «ይኼ ሁሉ ነጥብ የእኔ ነው?»

«አዎ፣ እማማ። በየ5 ደቂቃው ነው።»

ጥቂት ዝም አሉና እጁን ያዙት። «ለካ እኔ ስተኛ አንተ ቁጭ ብለህ ኖሯል» አሉት።